«ዶፓሚኔ አልቋል» ከማለታችሁ በፊት ሰዓቱን እዩ

ከማኅበራዊ ሚዲያ የመጣው «የዶፓሚን ፆም» አሁን ሐዋሳ ካፌዎች ውስጥም ይወራል። ስልክ ዝጋ፣ ጣፋጭ ተው፣ አንድ ቀን ሙሉ ከሰው ራቅ፣ ያለቀው ዶፓሚንህ፣ ደስታ ይሰጣል የሚባለው የአንጎል ኬሚካል፣ ተመልሶ ይሞላል ነው ወሬው። ስልክ መዝጋቱ ማንንም አይጎዳም፤ የተሰጠው ምክንያት ግን ስህተት ነው። ዶፓሚን በእውነት ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ይታወቃል፦ ፓርኪንሰን ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገተራል፣ እርምጃ ያጥራል። ቪዲዮ በማየት ብዛት እዚያ የደረሰ ሰው የለም።

ዶፓሚን ራሱን የቻለ የነርቭ መልእክተኛ መሆኑን ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ያሳየው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ በ2000 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ኖቤል ተሸልሟል። ቀጥሎ የአንጎል ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትዝ ጦጣዎች ላይ የሠራው ሥራ ነገሩን አጠራው። ጦጣዋ ሳትጠብቅ ጭማቂ ስታገኝ የዶፓሚን ሴሎቿ ይነቃሉ። ከጭማቂው በፊት መብራት እንደሚበራ ከለመደች በኋላ ግን ሴሎቹ የሚነቁት መብራቱ ሲበራ ነው፤ ጭማቂው ሲመጣ ዝም ይላሉ። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ፣ ሊመጣ በነበረበት ቅጽበት ሴሎቹ ከመደበኛቸውም በታች ይወርዳሉ። እንግዲህ ዶፓሚን የደስታ መጠን አይደለም፤ «ከጠበቅኩት በላይ ሆነ ወይስ በታች» የሚል ምልክት ነው።

ስለዚህ «ሙዴ ጠፋ» የሚል ሰው «የትኛው ኬሚካል ጎደለኝ» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ አይራመድም። የሚያራምደው «መቼ ወጣ፣ መቼ ወረደ፣ ከመውረዱ ከስንት ሰዓት በፊት ሰውነቴ ውስጥ ምን ገባ» የሚለው ነው።

ጫትን እንውሰድ፤ ይህን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው እሱ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዋና ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ከነርቭ ጫፎች ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ያስለቅቃል፣ የተለቀቀውም ቶሎ እንዳይሰበሰብ ያግዳል። ቅጠሉ ተቆርጦ እየጠወለገ ሲሄድ ካቲኖኑ ካቲን ወደሚባል በጣም ደከም ያለ ነገር ይለወጣል፤ በሁለት ሦስት ቀን አብዛኛው ኃይሉ ይጠፋል። ነጋዴው በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ውሃ የሚያርከፈክፈው፣ ጫት የጫነ መኪናም መንገድ ላይ እንደዚያ የሚከንፈው ለዚሁ ነው።

ምሳ ተበልቶ 7 ሰዓት ላይ ተቀመጡ እንበል። ካቲኖን በደም ውስጥ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው መቃም ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። 9 ሰዓት ላይ ስለዚህ ሁሉም አዋቂ ነው፣ የንግድ ዕቅዱ ሁሉ ያዋጣል፣ ሐይቁ ዳር የሚከፈተው ሎጅ ስም ወጥቶለታል። 11 ሰዓት ላይ ወሬው ይሳሳል፣ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ሐሳብ ይገባል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ያው ዕቅድ ሸክም ይሆናል፤ ነርቮቹ ክምችታቸውን አፍስሰዋል፣ መልሰው እስኪሠሩ ጊዜ ይፈልጋሉ። ሰውየው «ሕይወቴ ተበላሽቷል» ይላል። ከ9 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ሕይወቱ ምንም አልተለወጠም።

የሚከተለው ጨብሲ ነው፤ ምርቃናውን በቢራ ወይም በአረቄ መስበር። አልኮል ጋባ የሚባለውን የአንጎል ማረጋጊያ መልእክተኛ ያጠናክራል፣ ግሉታሜት የሚባለውን አነቃቂ ያፍናል፤ ስለዚህ እንቅልፍ ይመጣል። አልኮሉ ከደም እየወጣ ሲሄድ ግን ሁለቱም በተቃራኒው ይገለበጣሉ። 5 ሰዓት ላይ የተኛ ሰው ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ልቡ እየመታ፣ አልቦት፣ ያለ ምክንያት ተጨንቆ ይነቃል። ጠዋት ላይ የቀረው የሁለት ነገር ዕዳ ነው፦ የካቲኖኑ ድካምና የአልኮሉ ጭንቀት። ከቀትር በኋላ ሀራራው ሲመጣ መድኃኒቱ ያው ጫት ይመስላል፣ ዙሩም ይቀጥላል። ጨብሲውን በዳያዜፓም ወይም በትራማዶል የተኩ ወጣቶች ደግሞ ከአንድ ልማድ ወደ ሁለት ነው የተሸጋገሩት፤ ሁለቱም የራሳቸው ሱስ አላቸው።

መተው ለሚፈልግ፦ ጫትን በአንድ ጊዜ ማቆም ለሕይወት አያሰጋም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም፣ ብዙ እንቅልፍ፣ ብዙ መብላት፣ መነጫነጭና ዱካክ ይኖራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ይረግባሉ። ዱካኩ ያስፈራል እንጂ የበሽታ ምልክት አይደለም፤ ታፍኖ የቆየው የሕልም እንቅልፍ ተመልሶ ሲመጣ ነው። በአንድ ጊዜ ማቆም ያልሆነለት መጀመሪያ ሰዓቱን ያጥብብ፤ ከ9 ሰዓት በኋላ አዲስ ዙርባ አይከፈት፣ ጨብሲው ይቅር፣ እራት ባይርብም ይበላ። መጠኑን መቀነስ ከዚያ ይቀላል። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ግን አልኮልን በራሱ ውሳኔ በአንድ ቀን አያቁም። ካቆመ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምራሉ፣ በሁለት ቀን ውስጥ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ፣ በሦስተኛ አራተኛው ቀን አእምሮ መሳት ሊከተል ይችላል። ይህ በሐኪም ክትትል የሚደረግ ነው። ቅሞ ጥርጣሬ የበዛበት፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ወይም ቀናት ያለ እንቅልፍ እያለፈ ጉልበቱ የማይቀንስ ሰው ደግሞ በዚያው ሰሞን ሆስፒታል ይሂድ። እንዲህ ያለው ነገር አንዴ ከታየ፣ ጫት ለዚያ ሰው ከእንግዲህ አይሆንም።

ቡናው ቀለል ይላል፣ ሂሳቡ ግን አይቀሬ ነው። ነቅተን በቆየን መጠን አንጎል ውስጥ አዴኖሲን እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ የእንቅልፍ ግፊት የምንለው እሱ ነው። ካፌይን አዴኖሲን የሚቀመጥበትን ወንበር ቀድሞ ይይዛል፣ ባለ ወንበሩ ግን ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ካፌይኑ ሲነሣ ተጠራቅሞ የቆየው ሁሉ በአንዴ ይገባል፤ ከቀትር በኋላ ድንገት የሚጥል ድካም ከዚያ ነው። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 10 ሰዓት ላይ 200 ሚሊግራም የጠጣ ሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ 100፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ገና 50 ሚሊግራም በደሙ አለ። እንቅልፍ ቢወስደውም ጥልቁ እንቅልፍ ይሸራረፋል።

የጤነኛ አዋቂ የቀን ጣሪያ 400 ሚሊግራም ነው፣ የነፍሰ ጡር 200። የሲዳማ ቡና አረቢካ ስለሆነ ካፌይኑ ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማ ነው፤ 30 ግራም የተወቀጠ ቡና 360 ሚሊግራም ያህል ይይዛል ማለት ነው። ያ ለስንት ሰው እንደሚቀዳ መቁጠር የእናንተ ድርሻ ነው። ካፌይን በሙቅ ውሃ ቶሎ ስለሚሟሟ አብዛኛው በአቦሉ ይወጣል፤ ማታ ጎረቤት ጠርቶት እምቢ ማለት ለማይችል ሰው ቶናን ዘሎ በረካ ላይ መድረስ ጨዋ መፍትሔ ነው።

ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን የካፌይኑን ቆይታ በእጥፍ ገደማ ያረዝማል፣ የእርግዝና መጨረሻ ወራት ከዚያም በላይ። ሲጋራ ያሳጥረዋል። ስለዚህ ሲጋራ ያቆመ ሰው በለመደው ስኒ ልክ ሲጠጣ ካፌይኑ ከበፊቱ በላይ ይከማችበታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይጨነቃል፣ «ሲጋራ ማቆሜ ነው» ይልና ይመለሳል። ሲጋራ በሚቆምበት ሳምንት ቡናውን በግማሽ መቀነስ ነው። በፆም ወቅት የሚመጣው ራስ ምታትም ከዚሁ ወገን ነው፤ ከመጨረሻው ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ቀን ይበረታል፣ እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። ከፆሙ ሳምንት ቀደም ብሎ በየሁለት ቀኑ አንድ ስኒ መቀነስ ያስቀረዋል።

እንቅልፍን በተመለከተ ሐዋሳ ዕድለኛ ናት። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም፤ አውሮፓውያን በክረምት የሚቸገሩበት የብርሃን እጦት እዚህ የለም። እጦቱን የምንፈጥረው ራሳችን ነን፣ ቀን ቤት ውስጥ በመዋልና ማታ በስልክ። ሜላቶኒን የሚባለው የጨለማ ሆርሞን ከለመድነው የመኝታ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ መውጣት ይጀምራል፣ ብርሃን ያፍነዋል። ጠዋት ደግሞ ብርሃን የአንጎልን ሰዓት ያስተካክላል። የቤት ውስጥ መብራት ጥቂት መቶ ሉክስ ነው፤ ውጭ ግን ፍቅር ሐይቅ ዳር ካሉት ዛፎች ጥላ ሥር እንኳ ብትቀመጡ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ከ12 ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ 20 ወይም 30 ደቂቃ በእግር መሄድ በነፃ የሚገኝ የሙድ መድኃኒት ነው፤ ከማንኛውም «ሙድ አስተካካይ» ቫይታሚን አስቀድመዋለሁ።

በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሆስፒታሉ፣ ጥበቃው፣ ሆቴሉ ብዙ ሰው በሺፍት ያሠራሉ። ሌሊት የሠራ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ጥቁር መነጽርና ባርኔጣ ያድርግ፤ የጠዋት ፀሐይ ካገኘው አንጎሉ «ነጋ» ይላል። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል እኩለ ቀን ላይ ይግላል፣ እንቅልፍ ደግሞ የሰውነት ሙቀት መውረድን ይፈልጋል። ልብስ አጥቦ፣ ገበያ ደርሶ 5 ሰዓት ላይ ለመተኛት መሞከር ስለዚህ ከንቱ ድካም ነው። እንደገቡ መተኛት፣ ወፍራም መጋረጃ፣ የተዘጋ ስልክ፣ ከሥራ በፊት ደግሞ 90 ደቂቃ መደገም። ቡናው በሺፍቱ የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ይጠጣ። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ሺፍቱ የሚገላበጥበት ሰው ቢነጫነጭና ቢያለቅስ የባሕርይ ጉድለት አይደለም።

ስለ ንዴት አጭር ነገር። ስንናደድ የሚለቀቀው አድሬናሊን ከደም ቶሎ ይወጣል፣ ግማሹ በሁለት ሦስት ደቂቃ። ኮርቲሶል የሚባለው ሌላው የውጥረት ሆርሞን ግን ግማሹ ለመውጣት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። ባጃጅ ሹፌሩ ከትራፊክ ጋር ተጨቃጭቆ እጁ መንቀጥቀጡን ካቆመ በኋላም ለቀጣዩ ተሳፋሪ የሚጮኸው ለዚህ ነው። 4 እየቆጠሩ ወደ ውስጥ፣ 6 እየቆጠሩ ወደ ውጭ መተንፈስ፣ አምስት ደቂቃ ያህል፣ ልብን ያረጋጋል፤ ኮርቲሶሉን የሚያወጣው ግን ጊዜ ነው። በንዴት የጻፋችሁትን መልእክት ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ላኩት። ለአስምም ለሌላም በሐኪም የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን የኮርቲሶል ዘመድ ነው፤ ማታ ከተዋጠ እንቅልፍ ይነሣል፣ ከ40 ሚሊግራም በላይ ሲሆን ደግሞ ያለ ምክንያት መፈንደቅ ወይም መቆጣት ሊያመጣ ይችላል። ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ ጠዋት ነው የሚወሰደው፤ ከሦስት ሳምንት በላይ ከተወሰደ ደግሞ በድንገት አይቆምም።

ወደ ሌላው የነርቭ መልእክተኛ፣ ወደ ሴሮቶኒን። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ያለው አንጀት አካባቢ ነው፣ ከደም ወደ አንጎልም አያልፍም። ሙዝ ሴሮቶኒን አለው፤ ስፕሪሱ ግን የሚደርሰው ሆድ ድረስ ነው። የድብርት ሕመም «የሴሮቶኒን ማነስ ነው» የሚለው አባባልም ከመጠን በላይ ቀሏል፤ በ2022 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ክለሳ ወጥ ማስረጃ አላገኘለትም። ከዚህ ተነሥቶ «መድኃኒቱም አይሠራም» ማለት ግን ሌላ ስህተት ነው፤ ራስ ምታት በፓራሲታሞል ማነስ አይመጣም፣ ፓራሲታሞል ግን ያስታግሳል።

ፍሉኦክሰቲን የሚባለው የድብርት መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት 20 ሚሊግራም ነው የሚጀመረው። ሴሮቶኒኑ ላይ ያለው ለውጥ በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፤ ሙድ ላይ የሚታየው ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ሙሉው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፣ የነርቭ ተቀባዮች ቀስ እያሉ መላመድ ስላለባቸው። ማቅለሽለሽ፣ መቁነጥነጥና የእንቅልፍ መዛባት ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣሉ። አብዛኛው ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ጉዳቱን አይቶ ጥቅሙ ሳይደርስ። ዕድሜው ከ25 በታች የሆነ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ሊብስበት ስለሚችል ቤተሰብ ቅርብ ይሁን፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ በየትኛውም ጊዜ ሲመጣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ብቻውንም አይተው። ከዳነ በኋላ ቢያንስ 6 ወር መቀጠል፣ ማቆሙም ከሐኪም ጋር በደረጃ። ከፍሉኦክሰቲን ጋር ትራማዶል አይወሰድ። ትራማዶልም ሴሮቶኒንን ስለሚጨምር ሁለቱ ሲገናኙ ላብ፣ ትኩሳት፣ የጡንቻ መንዘርና መደናገር ሊመጣ ይችላል፤ ለወገብ ሕመም ፋርማሲ ስትገቡ የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ።

ሆርሞን ሲባል በእኛ አካባቢ ቀድሞ መታየት ያለበት ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ሆርሞን ነው። ሲያንስ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ ውፍረትና ኀዘን፤ ሲበዛ የልብ ምት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ መክሳትና ጭንቀት። ሁለቱም «የመንፈስ ነው» ተብለው ዓመታት ያልፋሉ፣ የሚለያቸው ግን ቲኤስኤች የሚባል አንድ የደም ምርመራ ነው። መደበኛው በአብዛኛው ከ0.4 እስከ 4.0 ነው። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠው ባዮቲን ውጤቱን ስለሚያዛባ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይቁም።

ታይሮይድ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው፤ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ነፍሰ ጡር 250 ትፈልጋለች። በኪሎ 30 ሚሊግራም አዮዲን ያለው ጨው 5 ግራም ሲበላ 150 ይገባል፣ ልክ ነው። ጨው በተከፈተ ዕቃ ምድጃ አጠገብ ከተቀመጠ፣ ወይም «ቆሻሻ አለው» ተብሎ ከታጠበ ግን አዮዲኑ ይሄዳል። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ፤ ወጡ ላይም መጨረሻ ላይ ጣል ማድረግ ነው።

ሴቶች ላይ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባለው ሳምንት የሚመጣ ከባድ ንዴትና ኀዘን፣ በመጣ በጥቂት ቀን የሚጠፋ፣ ሕክምና አለው። ሆርሞኑ በላቦራቶሪ ሲለካ መደበኛ ይሆናል፤ ችግሩ አንጎል ለመደበኛው መውጣትና መውረድ ያለው ስሜታዊነት ነው። ስለዚህ ምርመራው ደም ሳይሆን የሁለት ወር ማስታወሻ ነው። ከወሊድ በኋላ ደግሞ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወድቃሉ፤ በሦስተኛው አራተኛው ቀን አራሷ ብታለቅስ ብዙዎች ላይ የሚሆን ነው። ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ሕመም ነው። እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ የማይገናኝ ነገር ከተናገረች ወይም ሕፃኑን ከፈራች በዚያው ቀን ሆስፒታል፤ ጠበል ለሚወስዷትም ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ይቻላል። የሦስት ወር መርፌ የጀመረችና ሙዷ የተለወጠባት ሴት ደግሞ ቀኑን ጽፋ ለሰጣት ባለሙያ ትንገር፤ የተወጋው ተመልሶ አይወጣም፣ ቀጣዩን ግን በሌላ ዓይነት መተካት ይቻላል።

ክሊኒክ ከመሄዳችሁ በፊት 14 ቀን በደብተር ጻፉ፦ የተኛችሁበትና የነቃችሁበት ሰዓት፣ ቡና፣ ጫት፣ መጠጥና ክኒን ከነሰዓታቸው፣ ለሴቶች የወር አበባ ቀን፣ ሙድ ከ10 ስንት በቀን ሦስት ጊዜ። «የሴሮቶኒንና የዶፓሚን ምርመራ» የሚሸጥላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ፤ በአንጎል ውስጥ ያለውን የሚነግር የደም ምርመራ የለም። ቲኤስኤች፣ የደም ማነስ ምርመራና የስኳር ልኬት ግን ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። የወንድ ሆርሞን የሚባለው የቴስቶስቴሮን ምርመራ ከታዘዘ ደሙ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይቀዳ፣ ዝቅ ብሎ ከተገኘም በሌላ ቀን ይደገም፤ ሆርሞኑ ጠዋት ከፍ ብሎ ቀን ስለሚወርድ ከሰዓት በኋላ የተቀዳው ጤነኛውንም ሰው ዝቅተኛ ያስመስለዋል።